ስህተቱ የቱ መሥመር ላይ ነው?

መምህር የተማሪውን ደብተር አርሞ «ተሳስተሃል» ብሎ ብቻ ቢመልስለት ተማሪው ምን ይማራል? ምንም! የቱ መሥመር ላይ፣ ከየትኛው እርምጃ በኋላ እንደተሳሳተ ሲነገረው ነው የሚታረመው። የኮምፒዩተር ፕሮግራምም እንደዚሁ ነው።

የድረ ገጽ ፕሮግራም በአብዛኛው የሚጻፈው በጃቫስክሪፕት ነው፤ የሚሠራውም በተጠቃሚው ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ላይ ነው። እንግዲህ አንድ እጩ መምህር የፈተና መልሱን በስልኩ ሞልቶ ሊልክ ሲል ገጹ ደረቀበት እንበል። ፕሮግራም ጻፊው አጠገቡ የለም፤ የሚያየው የስህተት መከታተያው የላከለትን ሪፖርት ብቻ ነው። ሪፖርቱ ባዶ ከሆነ ጥፋቱ በእጩው ይላከካል። «አንተው ነህ ያበላሸኸው» ይባላል።

ሪፖርቱ ሊይዘው የሚገባው ዋና ነገር ስታክ ትሬስ ይባላል። ይኸውም ስህተቱ በየትኛው ፋይል፣ በስንተኛው መሥመር፣ በስንተኛው ፊደል ላይ እንደደረሰ፣ የትኛው የፕሮግራም ክፍል የትኛውን ጠርቶ እዚያ እንደተደረሰ በቅደም ተከተል የሚያሳይ ዝርዝር ነው። ታዲያ ለምን ይጠፋል? ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች ሦስት ናቸው።

1ኛ/ ኮዱ ስለሚታመቅ ነው። ገጹ ቶሎ እንዲከፈት ባዶ ቦታው ይወጣል፣ ረዣዥም ስሞች ወደ አንድ ፊደል ያጥራሉ፣ ሺህ መሥመር የነበረው አንድ መሥመር ይሆናል። ሪፖርቱም «መሥመር 1፣ ፊደል 48210» ይላል። ይህ ለማን ይረባል? መፍትሔው ሶርስ ማፕ ነው፤ የታመቀውን ኮድ ከዋናው ጽሑፍ ጋር የሚያገናኝ ካርታ ማለት ነው። ኤክማ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. አሠራሩን በደንብ ደረጃ አውጥቶታል። ነገር ግን የትናንት ካርታ ለዛሬ ኮድ አይሆንም፤ እንዲያውም የተሳሳተ መሥመር ያመለክታል። ስለዚህ ኮዱ በታደሰ ቁጥር የዚያኑ እትም ካርታ፣ ስህተት ከመምጣቱ በፊት፣ ለመከታተያው መላክ ያስፈልጋል።

2ኛ/ ኮዱ ከሌላ ሰርቨር ሲመጣ ብራውዘሩ ለጥንቃቄ ሲል ዝርዝሩን ይደብቃል። የሚደርሰው «ስክሪፕት ኤረር» የሚል ቃል ብቻ ነው። እዚህ ላይ ካርታ አያድንም። ኮዱን በሚጠራው የስክሪፕት ምልክት ላይ «ክሮስኦሪጅን» የሚለው ባሕርይ ይጨመራል፤ ሰርቨሩም በመልሱ ራስጌ ላይ ፈቃዱን መግለጽ አለበት። ልብ በሉ! ባሕርዩ ተጨምሮ ፈቃዱ ከቀረ ኮዱ ጭራሽ አይጫንም።

3ኛ/ ጥፋቱ የጻፊው ሲሆን ነው። ስህተትን «ኤረር» በሚባለው ዕቃ ፈንታ በተራ ቃል የሚወረውር ሰው ስታክ ትሬሱን ራሱ አስቀርቶታል፤ ዱካው የሚመዘገበው ዕቃው ሲፈጠር ነውና። ስህተቱን ይዞ ዝም የሚልማ የባሰ ነው።

ሁሉም መስተካከሉ በምን ይታወቃል? በሥራ ላይ ባለው ገጽ ሆን ብሎ አንድ ስህተት ማስነሣት ነው። ሪፖርቱ የዋናውን ፋይል ስምና ትክክለኛውን መሥመር ካመጣ ተሳክቷል፤ ካላመጣ ከላይ ያሉትን በየተራ መመርመር ነው።

እኛም ነገ ክፍል ስንገባ ይህን አንርሳ፦ መሥመሩን ሳናገኝ ሰውን አንውቀስ።