የካርቱሟ ሐኪም እና የማይለጠጠው ጠባሳ

በካርቱም የኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት በ1924 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የተቀበለው ወንዶችን ብቻ ነበር። የኦምዱርማን የአዋላጆች ትምህርት ቤት ከ1921 ጀምሮ ሴቶችን ቢያሰለጥንም፣ ሐኪም መሆን ለሴት አልተፈቀደም። በ1946 ሁለት ሴቶች ይህን ደጃፍ አለፉ፤ የኦምዱርማን ተወላጅ ኻሊዳ ዛሂር እና የአርመን ዝርያ ያላቸው ዛሩሂ ሳርኪሲያን። ሴት ልጅን ማስተማር ብዙ ቤተሰብ በሚፈራበት በዚያ ዘመን፣ የጦር መኮንን የነበሩት የኻሊዳ አባት ልጃቸውን ደገፉ። ሁለቱም በ1952 ተመርቀው በሱዳን የሰለጠኑ የመጀመሪያዎቹ ሴት ሐኪሞች ሆኑ።

ኻሊዳ ትምህርት በጀመሩበት በዚያው በ1946 የእንግሊዝ አስተዳደር «ፈርዖናዊ» የሚባለውን የሴት ልጅ ግርዛት በሕግ ከለከለ። በዚህ ዓይነቱ ግርዛት የብልት አካላት ተቆርጠው ቁስሉ እንዲገጥም ይደረጋል፤ ለሽንትና ለወር አበባ የሚቀረው ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ነው። ሽንትና ደም በደንብ ስለማይወጡም ሕመምና ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ይከተላሉ።

ከባዱ ፈተና የሚመጣው በወሊድ ጊዜ ነው። ጤነኛ ቆዳ እንዲለጠጥና እንዲመለስ የሚያደርጉት ኢላስቲን የሚባሉ ክሮች ናቸው። በጠባሳ ላይ እነዚህ ክሮች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ቦታቸውን የሚይዘው ኮላጅን የሚባል የተጠቀጠቀ ጠንካራ ክር ነው። ስለዚህ የሕፃኑ ጭንቅላት ሲገፋ ጠባሳው አይለጠጥም፤ ወይ ይቀደዳል፣ ወይ አዋላጅ ትቆርጠዋለች። ምጡ ሲረዝም ደግሞ ወደ ሕፃኑ የሚደርሰው ኦክስጅን ሊያንስ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ሱዳንን ጨምሮ በ6 የአፍሪካ አገሮች 28,393 ወላዶችን አጥንቶ በ2006 ውጤቱን አሳውቋል። ይህ ከባድ ግርዛት የተፈጸመባቸው እናቶች ካልተገረዙት ይልቅ በቀዶ ጥገና የመውለድ ዕድላቸው በ30 በመቶ፣ ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የመፍሰስ አደጋቸው በ70 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በወሊድ ጊዜና ወዲያው ከተወለዱ በኋላ የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥርም በ55 በመቶ ይበልጣል።

የ1946ቱ ሕግ ግን ድርጊቱን አላስቆመም። በሩፋዓ ከተማ አንዲት እናት ልጇን አስገርዘሻል ተብላ ስትታሰር ሕዝቡ በቁጣ ተነሣ። ግርዛቱ የሚፈጸመው በቤት ውስጥ፣ በሴቶች መካከል፣ ልጅቱን ለትዳር ለማብቃት ታስቦ ነው። በባዕድ አስተዳዳሪ የተጻፈ ክልከላ ወደዚያ ጓዳ የሚገባበት መንገድ አልነበረውም።

ሴት ሐኪም ያስፈለገችውም ለዚህ ነው። እናት ለወንድ ሐኪም የምትደብቀውን ሕመም ለእርሷ ትነግራለች፤ የጠባሳውን ጉዳትም ከአገሯ ልጅ አንደበት ትሰማለች። የሕፃናት ሐኪም የሆኑት ኻሊዳም ሥራቸውን ከክሊኒክ አሻግረው በ1952 የሱዳን ሴቶች ኅብረትን ከመሠረቱት አንዷ ሆኑ። በ2015 ሲያርፉ ትግሉ ገና አላበቃም ነበር፤ በ2014 በተደረገ ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሱዳናውያን ሴቶች 87 በመቶ ያህሉ ተገርዘዋል። ሱዳን በ2020 ድርጊቱን በሁሉም መልኩ ወንጀል አድርጋለች። ይህ አዲስ ሕግ እንደ ቀድሞው ወረቀት ላይ እንዳይቀር ከተፈለገ፣ በየመንደሩ እናቶች የሚያምኗቸው ሴት ሐኪሞችና አዋላጆች መብዛት አለባቸው።