የኪራዩ ዋና ድርድር ከፊርማው በፊት ነው

«ጸጥ ያለ፣ ዛፍ የበዛበት፣ ለልጆች የሚመች ሰፈር።» የአዲስ አበባ ደላላ በሲኤምሲ፣ በሰሚት ወይም በአያት አፓርታማ ሲያሳይ ከዋጋው በፊት የሚያነሳው ይህንን ነው። አከራዩ የመንገዱን ዛፍ ባይተክልም፣ ለሰፈሩ ጸጥታ ምንም ወጪ ባያወጣም፣ ቤቱ እዚያ በመሆኑ ብቻ ዋጋውን ይሰበስባል። ይህ በየትኛውም ከተማ ያለ ነው። በእኛ ከተማ ስሌቱን የቀየረው በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ነው።

በአዋጁ መሠረት የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል ባሳወቀው መጠን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከራይ አዲስ ቤት ዋጋ ግን ለሁለቱ ወገኖች ስምምነት ተትቷል። የነገሩ ቁልፍም እዚህ ላይ ነው፤ ጭማሪው ሲገደብ መነሻው ይንራል።

በምሳሌ እንየው። አንድ አከራይ ቤቱን ዘንድሮ በ40 ሺሕ፣ በሚቀጥለው ዓመት በ48 ሺሕ ብር ሊያከራይ አስቧል እንበል። የተፈቀደው ጭማሪ 10 በመቶ ብቻ ቢሆን ምን ያደርጋል? ከመጀመሪያው 42 ሺሕ ይጠይቃል። በሁለተኛው ዓመት 46,200 ብር ይደርስለታል። የሁለቱ ዓመት ድምር 1,058,400 ብር ሲሆን፣ ያለ ቁጥጥር ሊያገኝ ያሰበው 1,056,000 ብር ነበር። ምንም አልቀረበትም።

ይህ ስሌት በተለይ ጸጥ ባሉት ሰፈሮች ይሠራል። አንደኛ፣ ብዙዎቹ አፓርታማዎች አዲስ በመሆናቸው የመጀመሪያ ዋጋቸው ክፍት ነው። ሁለተኛ፣ ልጆቹን በአካባቢው ባለ ትምህርት ቤት ያስገባ ቤተሰብ ቶሎ አይለቅም። ብዙ ዓመት የሚቆይ ተከራይ ደግሞ ከጭማሪ ገደቡ ይበልጥ ስለሚጠቀም፣ ለመግቢያው ከፍ ያለ ዋጋ ለመክፈል ፈቃደኛ ይሆናል። አከራዩም ይህንን ያውቃል። በዚያ ላይ ለኮሪደር ልማት በፒያሳና በካዛንቺስ በርካታ ቤቶች ሲፈርሱ፣ በመሀል ከተማ የሚከራይ ቤት ቀንሶ ፈላጊው ወደ ዳር ወጥቷል።

በበር የተከለከለ ጭማሪ በመስኮት እንደሚገባም መዘንጋት የለበትም። የጥበቃ፣ የጽዳት፣ የአሳንሰር፣ የጄኔሬተር ነዳጅና የመኪና ማቆሚያ ክፍያዎች በውሉ በቁጥር ካልሰፈሩ፣ ኪራዩ ሳይነካ ወጪው ያድጋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሮቶው መጠንና የቦቴ ውኃ ወጪ በማን ላይ እንደሚወድቅም ከወዲሁ መጻፍ አለበት። የትራንስፖርት ወጪም የኪራዩ አካል ነው። አያትን ከመሀል ከተማ የሚያገናኘው ቀላል ባቡር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቢሠራም፣ ከመስመሩ የራቀ ቤት ሲከራዩ በኪራይ የዳነው ገንዘብ በታክሲና በነዳጅ ሊያልቅ ይችላል።

ጸጥታው ራሱ በውል ዋስትና የለውም። ጎን ያለው ባዶ ቦታ ነገ ሕንፃ ሊጀመርበት ይችላል፤ ያን ጊዜ ኪራዩ በድምፁ ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ከመፈረም በፊት በሥራ ቀንም በሌሊትም ሰፈሩን ማየት፣ በአጠገቡ ምን ሊሠራ እንደታሰበ መጠየቅ ይገባል።

አዋጁ ነባሩን ተከራይ ከድንገተኛ ጭማሪ ይጠብቃል፤ አዲስ ገቢውን ግን ከከፍተኛ መነሻ ዋጋ አይታደገውም። ለዚያ መፍትሔው የቤት አቅርቦት መጨመር ብቻ ነው፤ እሱም ጊዜ ይፈልጋል። እስከዚያው የተከራዩ አቅም ያለው ድርድሩ ላይ ነው። ከላይ ባየነው ምሳሌ ከመነሻው 1,000 ብር ያስቀነሰ ሰው፣ በሁለት ዓመት 25,200 ብር ያተርፋል። ተከራይ ሆይ፣ ከመፈረምህ በፊት ተከራከር፤ ውሉን በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግብ፤ ክፍያህንም በባንክ አድርግ። ያልተመዘገበ ውልና በእጅ የተሰጠ ብር ሕጉን ጠቅሶ ለመከራከር አያመችም።