የውሻ ምግብ አያያዝና የነጋዴው ኃላፊነት

የውሻ ምግብ በልዩ ልዩ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ከሌላው ሸቀጥ ጋር ተደርድሮ የሚሸጥ ዕቃ ሆኗል። ከረጢቱ ደረቅ ስለሆነ ሻጩም ገዢውም እንደ እህል ይቈጥሩታል። ነገር ግን ምግቡ ብዙውን ጊዜ ከሥጋ ተረፈ ምርትና ከቅባት ስለሚሠራ፥ አያያዙ ለጥሬ ሥጋ ከሚደረገው ጥንቃቄ ሊያንስ አይገባም። በጥንቃቄ ጉድለት የሚታመመው ውሻው ብቻ ሳይሆን ምግቡን የሚነካው ሰው ጭምር ነውና።

ለዚህ በሰሜን አሜሪካ የደረሱ ሁለት ነገሮች በቂ ማስረጃ ናቸው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. በደቡብ ካሮላይና በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ከተሠራ ደረቅ የውሻ ምግብ የተነሣ፥ በዩናይትድ ስቴትስ 47፥ በካናዳ 2 ሰዎች ሳልሞኔላ በሚባለው ባክቴሪያ ታመሙ። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ ለውሾች ማባበያ ከሚሸጠው የደረቀ የአሳማ ጆሮ ጋር በተያያዘ በ34 ግዛቶች 154 ሰዎች በዚሁ ባክቴሪያ ተለከፉ። ከዕቃውም ከፊሉ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነበር። በዚያ ጊዜ የጤና ባለሥልጣኖች ሱቆች ማናቸውንም የአሳማ ጆሮ እንዳይሸጡ አሳሰቡ። ስለዚህ ንጹሕ ዕቃ የያዘው ነጋዴም ከሌላው ጋር አብሮ ገበያው ቆመበት።

ብክለቱ የሚገባበት መንገድ እንደሚከተለው ነው። ደረቁ ምግብ በፋብሪካ በከፍተኛ ሙቀት ሲበስል ባክቴሪያው ይሞታል። ሆኖም ከበሰለ በኋላ ጣዕም እንዲኖረው ቅባት ይረጭበታል፤ ባክቴሪያው ከዚህ ወዲያ ባለው ሥራ እንደገና ሊገባ ይችላል። ሳልሞኔላ በደረቅ ነገር ላይ ባይራባም ለረጅም ጊዜ ሳይሞት ይቈያል። ውሻውም የሕመም ምልክት ሳይታይበት ባክቴሪያውን ከዓይነ ምድሩ ጋር ሊያወጣ ይችላል።

ሁለተኛው አደጋ ሻጋታ ነው። በቆሎን በመሰለ እህል ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም በማብሰል ፈጽሞ አይጠፋም፤ የውሻንም ጉበት ይጐዳል። በ2020 ዓ.ም. መጨረሻ በዩናይትድ ስቴትስ በዚህ መርዝ የተበከለ ምግብ ከገበያ እንዲሰበሰብ ከተደረገ በኋላ፥ ከ110 የሚበልጡ ውሾች መሞታቸው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ተነግሯል።

ስለዚህ አስመጪው ዕቃውን ሲረከብ ከረጢቱ ያልተቀደደ፥ ያልረጠበና የአገልግሎት ዘመኑ ያላለፈ መሆኑን ይመርምር። በጅቡቲ በኩል የሚገባ ዕቃ የቆላ ሙቀት ስለሚያገኘው፥ በወደብና በመጋዘን ብዙ እንዳይቈይ አስቀድሞ ማሰብ ይጠቅማል። ደረቅ ምግብ የሚከማችበት ስፍራ ከ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልበለጠ፥ ደረቅና ነፋስ የሚያገኘው ይሁን። ከረጢቱም ከወለል ከፍ ብሎ፥ ከሰው ምግብ ተለይቶ ይቀመጥ።

ባለ ሱቁ ከረጢት ፈትቶ በኪሎ ባይሸጥ ይመረጣል። ከሸጠም መስፈሪያው ለዚሁ ብቻ የተለየ ይሁን፤ እጁንም በሳሙና ሳይታጠብ ዳቦ ወይም ሌላ ምግብ አይንካ። ለደንበኛውም ምግቡን በራሱ ከረጢት እንዲያኖር፥ የውሻውን ሳሕን ከቤተ ሰቡ ዕቃ ለይቶ እንዲያጥብ፥ ተከፍቶ የተረፈውን የቆርቆሮ ምግብ በማቀዝቀዣ እንዲያስቀምጥ ይንገረው። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትም ምግቡንና ማባበያውን እንዳይነኩ ማሳሰብ ተገቢ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው በከረጢቱ ላይ የታተመው የባች ቁጥር ነው። ፋብሪካው አንድ ምርት እንዲመለስ ሲጠይቅ የሚጠራው በዚህ ቁጥር ነው። አስመጪው የትኛው ባች ለየትኛው ሱቅ እንደተሸጠ በመዝገብ ከያዘ፥ የተበከለውን ብቻ በአንድ ቀን ለይቶ ሊያነሣ ይችላል። መዝገብ ያልያዘው ግን ደኅናውንም ከክፉው ጋር አብሮ ለመጣል ይገደዳል። ይህን ቁጥር ለመጻፍ የሚጠፋው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ሲሆን፥ የሚያድነው ግን የደንበኛን ጤናና የነጋዴውን መልካም ስም ነው።