ያልታዘዘ ገጽ ምን ይናገራል?

ማተሚያ ማሽን በራሱ ፈቃድ የሚጽፈው ነገር የለም። ማንም ሳያዘው ወረቀት ሲስብና አንድ መስመር የማይነበብ ምልክት ብቻ የሰፈረበትን ገጽ በገጽ ላይ ሲደራርብ «አበደ» እንለዋለን። ማሽኑ ግን የሚፈጽመው የደረሰውን ትእዛዝ ብቻ ነው። ትእዛዙ የት ላይ እንደተበላሸ የሚጠቁመንም ጨምድደን የምንጥለው ያው ገጽ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ገጹን በጥሞና መመልከት ይሆናል።

ለዚህ ከሚሴ ጥሩ ምሳሌ ናት። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ፣ ከኮምቦልቻ በስተደቡብ፣ አዲስ አበባን ከደሴ በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በዞኑ አማርኛ በግዕዝ ፊደል፣ አፋን ኦሮሞ ደግሞ በ1984 ዓ.ም. ይፋዊ ጽሕፈቱ በሆነው በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ይጻፋል። ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን የሰፈሩበት አንድ ደብዳቤ፣ በቤተ ሙከራ «ማነጻጸሪያ» የሚባለውን በውስጡ ይዟል።

ምክንያቱ የሚከተለው ነው። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚለየው በቅርጹ ሳይሆን በቁጥሩ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት የራሱን ቁጥሮች ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ቀደምት የአማርኛ ፎንቶች ግን የፊደላችንን ቅርጽ ለላቲን ፊደላትና ምልክቶች በተመደቡት ቁጥሮች ላይ ያስቀምጡ ነበር። በእነርሱ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት አማርኛው ወደ ትርጉም አልባ የላቲን ፊደላት ይለወጣል። ቁቤው ግን ከመነሻው ላቲን ስለሆነ ምንም አይሆንም።

እንግዲህ ቁቤው ደኅና ሆኖ አማርኛው ብቻ ከተበላሸ ችግሩ የፎንት ነው። ፎንቱን መጫን፣ አለዚያም ሰነዱን በተጻፈበት ኮምፒዩተር ላይ ፎንቱን ወደያዘ ፒዲኤፍ መለወጥ ይበቃል። ሁለቱም በአንድነት ከተበላሹ ግን ሌላ ቦታ መፈለግ ይገባል።

የትእዛዝ ቋንቋ መዛባት

ኮምፒዩተሩ ለማተሚያው የሚልከው ጽሑፉን ብቻ አይደለም። ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ገጹን ማሽኑ ወደሚረዳው የትእዛዝ ቋንቋ ይተረጉመዋል። ፖስትስክሪፕትና ፒሲኤል ከእነዚህ ቋንቋዎች የታወቁት ናቸው። የማይስማማ ድራይቨር ሲጫን ማሽኑ የማያውቀውን ትእዛዝ እንደ ተራ ጽሑፍ ቆጥሮ ሊያትመው ይችላል። የአንድ ገጽ ሥራ ብዙ ወረቀት የሚፈጀውም በዚህ ጊዜ ነው።

የመብራት መቋረጥም ተመሳሳይ ውጤት አለው። የኅትመት ሥራ መጀመሪያ የሚቀመጠው በኮምፒዩተሩ ዲስክ ላይ፣ በወረፋ ነው። መብራት ሲጠፋ ማተሚያው የተቀበለውን ሁሉ ይረሳል፤ በባትሪ የሚሠራው ላፕቶፕ ግን ወረፋውን እንደያዘ ይቆያል። መብራቱ ሲመለስ ላፕቶፑ ሥራውን ከመካከል ከቀጠለ፣ መክፈቻው ትእዛዝ ያልደረሰው ማሽን ቀሪውን በምልክት መልክ ያትመዋል። ሰውየው በትዕግሥት ማጣት የኅትመት ቁልፉን ሦስት ጊዜ ከተጫነ ደግሞ ያው ሰነድ ሦስት ጊዜ ይወጣል።

ጥፋቱ ከተጠቃሚው እጅ ውጪ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 መጨረሻ ከወጣ የዊንዶውስ ማሻሻያ በኋላ፣ በዩኤስቢ የተገናኙ አንዳንድ ማተሚያዎች የኔትወርክ ትእዛዞችንና ያልታወቁ ምልክቶችን ያትሙ ጀመር። ችግሩ ይበልጥ የሚታየው ማተሚያው ሲበራ ወይም ተነቅሎ እንደገና ሲገናኝ ነበር። ማይክሮሶፍት ጉዳዩን አምኖ በዚያው ዓመት በማርች ወር ማስተካከያ አወጣ። «ኤችቲቲፒ» የሚል ቃል ያለበት መስመር በገጹ አናት ላይ የተመለከተ ሰው፣ ካርትሪጅ ከመለወጥ ይልቅ ዊንዶውሱን ማሻሻል እንዳለበት ገጹ ራሱ ይነግረው ነበር።

የእርምጃዎቹ ቅደም ተከተል

ማሽኑ ወረቀት ማባከን ሲጀምር አስቀድሞ ወረቀቱን ከመሳቢያው ማውጣት ይገባል። ቀጥሎ በኮምፒዩተሩ ላይ ወረፋውን ከፍቶ ሥራዎቹን መሰረዝ፣ ከዚያም ማተሚያውን አጥፍቶ ጥቂት ቆይቶ ማብራት ነው። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ጥቅም የለውም፤ ማሽኑን ብቻ ብናጠፋው ወረፋው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ቆይቶ ሲበራ እንደገና ይላክለታል። አልሰረዝ ያለ ሥራ ካለ በዊንዶውስ «ፕሪንት ስፑለር» የተባለውን አገልግሎት አቁሞ፣ የወረፋውን ፋይሎች አጥፍቶ እንደገና ማስነሣት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ኬብሉን ነቅሎ ማሽኑ ከራሱ ቁልፎች የሙከራ ገጽ እንዲያትም ማድረግ ነው። ገጹ በትክክል ከወጣ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ምርመራው ወደ ኬብሉ፣ ወደ ድራይቨሩና ወደ ሰነዱ ይሻገራል። መጨረሻ ላይ አንድ ባዶ ገጽ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በሰነዱ መጨረሻ የቀሩት ባዶ መስመሮች ናቸው።

ጉዳዩ የወረቀትና የቀለም ወጪ ብቻ አይደለም። በወረፋ ተረስቶ የቆየ የፈተና ጥያቄ ወይም የግል ደብዳቤ፣ መብራት ሲመለስ ባለቤቱ በሌለበት ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ማተሚያውን የሚጋራ ሰው ከመሄዱ በፊት ወረፋው ባዶ መሆኑን ይመልከት። ያልታዘዘ ገጽ ካገኘም ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ አይጣለው፤ ቀኑንና ሰዓቱን በጀርባው ጽፎ ያስቀምጠው።