ፈጣን መኪና በበረዶ ወቅት፦ ጎማና ቸርኬ እንዴት ይመረጣል?

መኪናዎ ፎርድ ማስታንግ፣ ሱባሩ ደብሊው አር ኤክስ ወይም ቢኤምደብሊው ኤም 3 ነው እንበል። የሚኖሩት ደግሞ ዴንቨር፣ ሚኒያፖሊስ፣ ቶሮንቶ፣ ፍራንክፈርት ወይም ስቶክሆልም ነው። ብርዱ ሲመጣ ምን ጎማ ላድርግ ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። አጭሩ መልስ ይኸውና፦ አራት የበረዶ ጎማ፣ ከነቸርኬው፣ ከበጋው ጠበብና አነስ ያለ። ምክንያቱንና ወጪውን በየተራ እንየው።

ከመኪናው ጋር የመጣው ጎማ ምን ይጎድለዋል?

ፈጣን መኪኖች ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጡት በበጋ ጎማ ነው። ላስቲኩ የተቀመመው ለሞቀ አስፋልት ነው። የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳደረ ቅቤ ድርቅ ይላል። የደረቀ ላስቲክ ደግሞ መንገድ አይጨብጥም። ስለዚህ በረዶ ባይጥልም እንኳ ፍሬን ሲይዙ መኪናው ቶሎ አይቆምም።

ብርዱ ሲብስ ጎማው ራሱ ይጎዳል። ሚሸለን ፓይለት ስፖርት 4 ኤስ የተባለውን የበጋ ጎማ የገዛ ሰው፣ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሲደርስ እንዳይነዳበት ኩባንያው ያስጠነቅቃል። ላስቲኩ ሊሰነጠቅ ይችላልና።

መኪናዬ በአራቱም እግር ይጎትታል፤ አይበቃም?

አይበቃም። በአራት እግር መጎተት ለመነሳትና ዳገት ለመውጣት ይረዳል። በፍሬን ጊዜ ግን ጥቅም የለውም፤ የትኛውም መኪና ፍሬን የሚይዘው በአራቱም እግር ነውና። መኪናውን የሚያቆመው ጎማው መንገዱን የሚጨብጥበት አቅም ነው።

የበረዶ ጎማ እንዴት ይሠራል?

አንደኛው ምሥጢር ቅመሙ ነው። ላስቲኩ በብርድም ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ ተደርጎ ይቀመማል። ሁለተኛው ጥርሱ ነው። የጎማውን ጥርስ ጠጋ ብለው ቢያዩት፣ በምላጭ የተበጡ የሚመስሉ ቀጫጭን ስንጥቆች ሞልተውበታል። ጎማው መሬቱን ሲረግጥ ስንጥቆቹ ይከፈቱና በረዶውን ይነክሳሉ። የተነከሰው በረዶ ጥርሱ መሃል ይቀራል፤ በረዶ ደግሞ በረዶን ጥሩ አድርጎ ይይዛል።

ሲገዙ የጎማውን ጎን ይመልከቱ። ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ መሃሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት ይፈልጉ። ጎማው በረዶ ላይ ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው። «ኤም» እና «ኤስ» የሚሉት ፊደሎች ብቻቸውን ካሉ ግን የሚናገሩት ስለ ጥርሱ ቅርጽ ነው። ጀርመን ውስጥ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ የተራራው ምልክት የሌለው ጎማ እንደ በረዶ ጎማ አይቆጠርም። በረዶ ባለበት መንገድ ያለ በረዶ ጎማ የተያዘ ሹፌር 60 ዩሮ ይቀጣል፤ በመንጃ መዝገቡ ላይ አንድ የጥፋት ነጥብም ይያዝበታል። በካናዳዋ ኩቤክ ደግሞ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 የበረዶ ጎማ ግዴታ ነው።

የትኛውን ዓይነት ልግዛ?

ለፈጣን መኪና ሁለት ምርጫ አለ። የመጀመሪያው ለፍጥነት የተሠራ የበረዶ ጎማ ነው፤ ሚሸለን ፓይለት አልፒን 5 ምሳሌው ነው። በደረቅና በቀዝቃዛ አውራ ጎዳና ላይ መሪው ሲታዘዝ ይታወቅዎታል። በረዶም ይችላል፤ የረጋ በረዶ ላይ ግን ከሁለተኛው ያንሳል።

ሁለተኛው ለረጋና ለተከመረ በረዶ የተሠራው ነው። ብሪጅስቶን ብሊዛክ ደብሊው ኤስ እና ኖኪያን ሃካፔሊታ አር 5 ከዚህ ወገን ናቸው። ላስቲኩ በጣም ለስላሳ ስለሆነ መሪው ትንሽ ይዘገያል፤ የሚፈቀደውም ፍጥነት ዝቅ ይላል። ጎማው ላይ ያለው ፊደል ይህን ይነግርዎታል፦ «ቲ» እስከ 190፣ «ኤች» እስከ 210፣ «ቪ» እስከ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት።

ፍራንክፈርት ላሉ የመጀመሪያው ይበልጣል። ሚኒያፖሊስና ስቶክሆልም ላሉ ሁለተኛው። ዴንቨር ከተማ ውስጥ ፀሐዩ በረዶውን ቶሎ ስለሚያቀልጠው የመጀመሪያው ይበቃል። ቅዳሜና እሁድ ተራራ የሚወጡ ከሆነ ግን ሁለተኛውን ይያዙ።

ቸርኬው ለምን ይነስ?

በምሳሌ እንየው። ከ2018 እስከ 2023 ፐርፎርማንስ ፓኬጅ የተባለውን አማራጭ ይዞ የተሸጠው ማስታንግ ጂቲ የፊት ጎማው 255/40 አር 19፣ የኋላው 275/40 አር 19 ነው። 255 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 40 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 40 በመቶ ነው ማለት ነው፤ 102 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 19 የቸርኬው መጠን ነው፣ በኢንች።

በዚህ ፈንታ በአራቱም እግር 235/50 አር 18 ቢያደርጉስ? የጎማው ሙሉ ቁመት ወደ 692 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የፊተኛው የበጋ ጎማ 687፣ የኋላው 703 ገደማ ነበር። ልዩነቱ ከ2 በመቶ በታች ስለሆነ የፍጥነት መቁጠሪያው ብዙም አይሳሳትም።

ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ጠባብ ጎማ የመኪናውን ክብደት በትንሽ ቦታ ላይ ስለሚያሳርፍ፣ የቀለጠውን በረዶ ሰንጥቆ አስፋልቱ ጋ ይደርሳል፤ ሰፊው ከላይ ይንሳፈፋል። ጎኑ ከፍ ያለ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ቸርኬውን ያድነዋል። ዋጋውም ይቀንሳል። አራቱም እኩል ስለሆኑ የፊቱን ከኋላው እያቀያየሩ አስተካክለው ይጨርሱታል።

በአራቱም እግር የሚጎትት መኪና ካለዎት እኩልነቱ ላይ ይበልጥ ይጠንቀቁ። የፊቱና የኋላው ዙር እንደ ፋብሪካው መመሪያ ካልተመጣጠነ፣ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል ያለጊዜው ያልቃል።

ቸርኬ ሲገዙ ምን ይጣራል?

መጀመሪያ ፍሬኑ። የጠቀስነው ማስታንግ የፊት የፍሬን ዲስኩ 380 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዲስኩን የሚጨብጠው ካሊፐርም ግዙፍ ነው። ስለዚህ የማይገቡ 18 ኢንች ቸርኬዎች አሉ። ለሻጩ የመኪናውን ዓመትና ፓኬጅ ይንገሩ። ጎማው ከመገጠሙ በፊት ባዶውን ቸርኬ ከፊት እግር ላይ አስረው በእጅ ያሽከርክሩት። ከነካ 19 ላይ ይቆዩና በአራቱም እግር 255/40 ያድርጉ።

ቀጥሎ ቀዳዳዎቹ። ማስታንግ አምስት ቡሎን አለው፤ በቡሎኖቹ መሃል የሚያልፈው ክብ 114.3 ሚሊ ሜትር ነው። የመሃሉ ቀዳዳ 70.5 ነው። የቸርኬው ቀዳዳ ሰፋ ካለ መሃሉን የሚያስተካክል ቀለበት ይደረግበታል፤ አለዚያ መሪው ይንቀጠቀጣል። ቸርኬው ወደ ውስጥ የሚገባበት ወይም ወደ ውጭ የሚወጣበት ልክም አለ፤ ኦፍሴት ይባላል። እሱንም ከሻጩ ጋር ያመሳክሩ።

ኒኬል የተነከረ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ አይግዙ። መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ይበላዋል። ቀለም የተቀባ ተራ ቸርኬ ይበቃል።

ስንት ያስወጣል?

በአሜሪካ ለ18 ኢንች ግምቱ ይህን ይመስላል። አራት ጎማ ከ720 እስከ 1,000 ዶላር። አራት ተራ ቸርኬ ከ600 እስከ 1,000። የነፋስ ግፊት የሚለኩ አራት ሴንሰሮች ከ160 እስከ 280። መግጠሚያና ባላንስ ከ100 እስከ 160። በድምሩ ከ1,600 እስከ 2,400 ዶላር ገደማ ይሆናል።

«ቸርኬውን ትቼ ጎማውን ብቻ ብገዛስ?» ይችላሉ። ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ጎማ ማስፈታትና ማስገጠም ከ200 እስከ 320 ዶላር ያስወጣል። ቸርኬ ካለዎት በክሪክና በቁልፍ ራስዎ ይቀይሩታል፤ የቸርኬውና የሴንሰሩ ወጪ በአራት ዓመት ገደማ ይመለሳል። የበጋው ጎማም ወራቱን ስለሚያርፍ ዕድሜው ይረዝማል። ኦንታሪዮ ውስጥ ከ2016 ጀምሮ የመኪና ኢንሹራንስ ኩባንያዎች የበረዶ ጎማ ለሚያደርግ ቅናሽ እንዲሰጡ ይገደዳሉ፤ ይጠይቁ።

ያገለገለ ከገዙ ጎኑ ላይ «ዲ ኦ ቲ» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ያንብቡ። 3524 ማለት በ2024 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ለበረዶ አይሆንም፤ ሊሾ ከሆነማ ወሬውም አያስፈልግ።

መቼ ልቀይር?

ጠዋት ጠዋት ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች መውረድ ሲጀምር። የመጀመሪያው በረዶ እስኪጥል ከጠበቁ ጎሚስታው ደጃፍ ሰልፉ ረጅም ነው፤ የሚፈልጉት ልክም ሊያልቅ ይችላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በሴፕቴምበር ይዘዙ።

ከገጠሙ በኋላ ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ነድተው ቡሎኖቹን እንደገና ያጥብቁ። ሙቀቱ 5 ወይም 6 ዲግሪ በወረደ ቁጥር ጎማው ወደ 1 ፒ ኤስ አይ ነፋስ ያጣል። ስለዚህ ጠዋት፣ መኪናው ሳይሞቅ ይለኩ።

ገንዘብ ካጠረስ?

ከቸርኬው ይቀንሱ እንጂ ከላስቲኩ አይቀንሱ። ሁለት ጎማ ብቻም አይግዙ። ከኋላ ብቻ ካደረጉ ፊቱ ኩርባ ላይ አልታጠፍም ብሎ ቀጥ ይላል፤ ከፊት ብቻ ካደረጉ ኋላው ይዞራል። አሁኑኑ የሹፌሩን በር ከፍተው የጎማው ልክ የተጻፈበትን ወረቀት ፎቶ ያንሱና ለሁለት ሦስት ሻጮች ልከው ዋጋ ይጠይቁ።