ልጅ ጭንቅላት ብቻ አይደለም

ልጃችን ከመዋዕለ ሕፃናት ሲመለስ «ስንት ፊደል ቆጠርክ?» ብቻ ነው የምንለው? ሉቃስ ስለ ጌታ ልጅነት ሲጽፍ ጥበቡን ብቻ ሳይሆን አካሉን፣ በእግዚአብሔርና በሰው ፊት ያገኘውንም ሞገስ አንሥቷል።

በ1962 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ሚሺጋን፣ ይፕሲላንቲ ከተማ በፔሪ መዋዕለ ሕፃናት የድሃ ቤተሰብ ልጆች ጨዋታቸውን ራሳቸው አቅደው ይጫወቱ፣ ያደረጉትንም ይናገሩ ነበር። መምህራኑም በየሳምንቱ ቤታቸው ድረስ ይሄዱ ነበር። በአእምሮ ፈተና ያገኙት ብልጫ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደበዘዘ። ግን 40 ዓመት ሲሞላቸው፣ ዕድሉን ካላገኙት እኩዮቻቸው ይልቅ ሥራ ያላቸው በዙ፤ ደጋግመው የታሰሩት አነሱ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ «ከማን ጋር ተጫወትክ? ምን አስደሰተህ? ምንስ አስከፋህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ፊደሉ ይደርሳል።