ሪያሉ ያው ነው፤ ብሩ በዝቶ ለምን አልበቃ አለ?

አርብ እረፍት ወጥተሽ፣ ናጅማ ወይም አል ዋክራ ካለ ገንዘብ መላኪያ ቤት ልከሽ ስታበቂ ቤት ትደውያለሽ። «ደርሶናል፣ ተባረኪ፤ ግን አልበቃንም» ይሉሻል። አንቺ ደግሞ «ድሮ ከምልከው እኮ እጥፍ ሆኗል!» ትያለሽ። ትጣላላችሁ። ግን ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው። እንዴት እንደሆነ እንይ።

ምን ተለወጠ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (ጁላይ 29፣ 2024) የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። በዚያው ቀን የዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) በአራት ዓመት የሚሰጥ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። የብድሩ ስምምነት መንግሥት ድጎማ እንዲቀንስና ብዙ ግብር እንዲሰበስብም ይጠይቃል።

የኳታር ሪያል ከዶላር ጋር የታሰረ ስለሆነ (1 ዶላር 3.64 ሪያል) አይነቃነቅም። የወደቀው ብሩ ነው። ለውጡ ሊታወጅ ሲል 1 ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ወደ 74 ብር ወጣ፤ በ2024 መጨረሻ ከ120 ብር አለፈ። ስለዚህ 1,000 ሪያል በፊት በባንክ 15,700 ብር ገደማ ነበር፤ በ120 ሒሳብ ወደ 33,000 ብር ሆነ። የላክሽው ሪያል ግን አንድም አልጨመረም።

ታዲያ ብሩ የት ገባ?

ኑሮ ውስጥ። መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ እያነሳ ነው። በጃንዋሪ 2025 ብቻ አዲስ አበባ ላይ የቤንዚን ሊትር ከ91.14 ብር ወደ 101.47 ብር ገባ። ነዳጅ ሲጨምር ታክሲው ይጨምራል፣ ጤፉን የሚያመጣው መኪና ይጨምራል። ዘይትና መድኃኒት ከውጭ በዶላር ስለሚገቡ እነሱም ይወደዳሉ። በአዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) አዋጅ ደግሞ ከተወሰነ መጠን በላይ መብራትና ውሃ የሚጠቀም ሰው 15 በመቶ ይከፍላል።

ክርክሩ ምንድን ነው?

መንግሥት «ሌላ መንገድ አልነበረም» ይላል። አገሪቱ ዶላር አጥሯት ነበር፤ በዲሴምበር 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ እንኳ ሳትከፍል ቀርታለች። የጥቁር ገበያው ዋጋም ከባንኩ እጥፍ ደርሶ ነበር።

ተቺዎቹ ደግሞ «ሸክሙ ደሃው ላይ ወደቀ» ይላሉ። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) የደሞዝ ግብር እንዲቀንስና ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል እንዲወሰን ሲጠይቅ ቆይቷል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደሞዝ አልበቃንም ብለው ሥራ እስከማቆም ደርሰዋል።

መንግሥት የወሰዳቸው እርምጃዎችም አሉ። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደሞዝ መጀመሪያ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ግብር የማይነካው ደሞዝም ከ600 ወደ 2,000 ብር አድጓል። ስለዚህ ወንድምሽ አስተማሪ ከሆነ ጭማሪው ደርሶታል። የቀን ሠራተኛ ከሆነ ወይም ያለሽ ገጠር ያለች እናት ከሆነች ግን ጭማሪው አልደረሳቸውም፤ ድጎማቸው አንቺ ነሽ።

አንቺስ ምን ታደርጊያለሽ?

• በብር ሳይሆን በዕቃ ተነጋገሩ። «ስንት ልላክ?» ከማለት «የወሩ ጤፍ፣ ዘይት፣ የቤት ኪራይ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። የቱን አንቺ እንደምትሸፍኚ፣ የቱን እነሱ እንደሚሸፍኑ ተስማሙ። ጭቅጭቁ ይቀንሳል።

• ከመላክሽ በፊት አወዳድሪ። አሁን የባንኮች ተመን ይለያያል፤ በየቀኑም ይቀያየራል። ሁለት ሦስት ቦታ ተመኑንም የመላኪያውንም ክፍያ ጠይቂ። ፈቃድ ባለው ቤት ብቻ ላኪ፣ ደረሰኝሽንም ያዢ። በሰው እጅ የሄደ ብር ቢጠፋ የምትከሺበት ወረቀት የለሽም።

• ቁጠባሽን ሁሉ ብር አታድርጊው። ከለውጡ በፊት 100,000 ብር ባንክ ያስቀመጠች እህት 1,700 ዶላር ገደማ ነበራት። ዶላሩ 120 ብር ሲገባ ያው ገንዘብ 830 ዶላር ገደማ ሆነ፤ ማንም አልሰረቃትም። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አገር ቤት ባንክ የውጭ ምንዛሬ ሒሳብ መክፈት ይችላሉ። ምን ወረቀት እንደሚፈልጉ ባንኩን ጠይቂ።

• «ብራችሁ በዝቶላችኋል» ተብሎ ደሞዝ አይቀነስም። ማዳምም ሆነች ኤጀንት እንዲህ ካሉሽ አትቀበዪ። ከማርች 20፣ 2021 ጀምሮ በኳታር ሕግ ዝቅተኛው ደሞዝ 1,000 ሪያል ነው፤ የቤት ሠራተኛንም ይጨምራል። ምግብና መኝታ ካልሰጡሽ በላዩ ለምግብ 300፣ ለመኖሪያ 500 ሪያል ይጨመራል። የብር ዋጋ ከውልሽ ጋር ምንም አያገናኘውም።

በሚቀጥለው ስልክ «አልበቃንም» ሲሉሽ ውለታ ቢስ ሆነው አይደለም። አንቺም «ከዚህ በላይ የለኝም» ስትይ ጨካኝ ሆነሽ አይደለም። ይህን ለእነሱም አስረጃቸው፤ ከሪያልሽ ላይ ደግሞ ትንሽም ብትሆን ለራስሽ አስቀሪ።